ወፍጮና መፈልፈያ ሲጠገን እጅ እንዳይጎዳ

እኔ በከፋ ዞን፣ በደካ፣ ቀን ሕፃናትን ማታ ደግሞ ጎልማሶችን የማስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ባለፈው ጊዜ ስለ ንጹሕ ውኃ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ስለ እጃችን ነው። በተለይም የወፍጮ፣ የቡና መፈልፈያና የቡና መቀሸሪያ መኪና ሲበላሽ፣ ሲጸዳና ሲጠገን እጅ እንዴት እንደሚጎዳ፣ እንዴትስ እንደሚጠበቅ እናያለን።

«ይህ የመካኒክ ነገር ነው፤ የፊደል አስተማሪ ምን አገባው?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን አሁን አልናገርም፤ ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን። ብቻ ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አቅርቡ፤ ዛሬም እንጽፋለን፣ ዛሬም እናሰላለን።

በመጀመሪያ እስቲ ሁላችሁም እጃችሁን ዘርግታችሁ ተመልከቱት። በአንድ እጅ ውስጥ 27 አጥንቶች አሉ። በሁለቱ እጆች 54 ይሆናሉ ማለት ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰው አጥንት በጠቅላላው 206 ነው፤ ስለዚህ ከሰውነታችን አጥንት ከአራት እጅ አንዱ በላይ የሚገኘው በእጃችን ላይ ነው። ይህ ሁሉ አጥንት በዚህች ጠባብ ቦታ የተሰበሰበው ያለ ምክንያት አይደለም። መርፌ የምንይዘው፣ እሸት ቡና አንድ በአንድ የምንለቅመው፣ እንሰት የምንፍቀው፣ እርሳስ ጨብጠን ስማችንን የምንጽፈው በእነዚህ ነው።

ሌላም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ጣትን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ጡንቻ ያለው ጣት ላይ አይደለም፤ ክንድ ላይ ነው። ጣታችሁን ደጋግማችሁ እያጠፋችሁ በሌላው እጃችሁ ክንዳችሁን ብትይዙት ከውስጥ ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። ከዚያ ጡንቻ ተነሥቶ እንደ ገመድ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርሰው ጅማት ነው። እንግዲህ መኪና ጣትን ይዞ ሲጎትት ጣቱን ብቻ አይወስድም፤ ጅማቱን ከክንድ ድረስ መዝዞ ሊያወጣው ይችላል። በስለት የተቆረጠ ጣትና በመኪና የተጎተተ ጣት አንድ የማይሆኑት ስለዚህ ነው።

አሁን አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። ታሪኩ የራሴ አጎት ታሪክ ነው። አጎቴ በአንዲት ከተማ በአንድ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ወፍጮው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ነው። ሞተሩ ከግድግዳው በስተጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጧል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ግን ከፊት ለፊት፣ እህል ከሚመዘንበት አጠገብ ነው። ያን ዕለት ቺንጊያው እየተንሸራተተ ሥራ አስቸገረ። አጎቴ ጥንቁቅ ሰው ነው። ሞተሩን አጠፋ። ከካርቶን ላይ ቁራጭ ቀድዶ በእስክሪብቶ «አታብሩ፤ ሰው እየሠራ ነው» ብሎ ጻፈና በማብሪያው ላይ አንጠለጠለው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ቺንጊያውን ማስተካከል ጀመረ።

ከፊት ለፊት እናቶች ተሰልፈዋል። ፀሐይዋ እየበረታች ነው። አንዱ «ምነው ቆመ?» ይላል፤ ሌላው «ልጆቼን ጥዬ ነው የመጣሁት» ይላል። ዱቄት የሚጠርግ የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ ማንበብ አይችልም። ማብሪያው ጠፍቶ አየ። ካርቶኑንም አየ። የሆነ የዋጋ ማስታወቂያ መሰለው። ካርቶኑን ገለል አድርጎ ማብሪያውን ከፍ አደረገው።

አጎቴ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች አጣ።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ ጥፋቱ የማን ነው? አጎቴ ሞተሩን አጥፍቷል፤ ማስጠንቀቂያም ጽፏል። ልጁም ክፉ አላሰበም፤ ሰው ረዳሁ ብሎ ነው። እኔም ለብዙ ጊዜ ይህን ሳወጣና ሳወርድ ኖሬአለሁ። የዛሬው ንግግራችንም መልሱን ፍለጋ ነው።

ወፍጮ ሲፈጭ ሳይሆን ሲጠገን እጅ የሚጎዳው ለምንድን ነው? ሦስት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ መኪናው በደህና ሲሠራ ቺንጊያውና ፑሌጅያው በመከለያ የተሸፈኑ ናቸው፤ ሲጠገን ግን መከለያው ይነሣል። ሁለተኛ፣ በሥራ ጊዜ ሰው የሚነካው ከረጢቱንና እህሉን ነው፤ በጥገና ጊዜ ግን እጅ የሚገባው ጥርስና ድንጋይ፣ ቺንጊያና ፑሌጅያ ካሉበት ቦታ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ የሚጠግነው ሰው «መኪናው ቆሟል» ብሎ ልቡን ይጥላል፤ ሌላው ሰው ደግሞ «መኪናው ዝም ብሎ ቆሟል፤ ማንም የለም» ብሎ ያስባል። ሁለቱም ያዩት አንድ የቆመ መኪና ነው። የተረዱት ግን ለየቅል ነው።

አንዳንድ ሰው «ቢነሣም እጄን ቶሎ አወጣዋለሁ» ይላል። እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፑሌጅያ አለ እንበል። ዙሪያውን ለማግኘት 30ን በ3.14 እናበዛለን፤ 94 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ብዙዎች የሚያውቁት፣ በማንቬላ የሚነሣው ቀርፋፋ የናፍጣ ሞተር እንኳ በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል። 94ን በ650 ስናበዛ 61 ሺህ 100 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 611 ሜትር በአንድ ደቂቃ ይሆናል። ይህን ለ60 ስናካፍለው ቺንጊያው በአንድ ሰከንድ 10 ሜትር ያህል ይሮጣል ማለት ነው። ሰው ደግሞ አንድ ነገር ነክቶት፣ ደንግጦ፣ እጁን መሰብሰብ እስኪጀምር ድረስ የሰከንድ ሩብ ያህል ይፈጅበታል። በሰከንድ ሩብ ቺንጊያው ሁለት ሜትር ተኩል ሄዷል። ጣታችሁ ከፑሌጅያው የሚርቀው ስንት ነው? አንድ ስንዝር። እንግዲህ መድረስ ይቻላል? አይቻልም። ጎበዝም ሆነ ሰነፍ፣ ወጣትም ሆነ ሽማግሌ፣ ለቺንጊያ ሁሉም አንድ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሆን ደግሞ ፍጥነቱ ከዚህ ይብሳል።

የቆመ መኪና ሁሉ የሞተ መኪና አይደለም። በውስጡ የተደበቀ ኃይል ሊኖር ይችላል። አምስቱን ልቁጠርላችሁ።

የመጀመሪያው ተመልሶ የሚመጣ መብራት ነው። በእኛ አገር መብራት ሄዶ መምጣቱን ሁሉም ያውቃል። መብራት ሲሄድ ወፍጮው ይቆማል። ሠራተኛውም «ከቆመ አይቀር ላጽዳው» ብሎ ማብሪያውን ሳያጠፋ እጁን ይከታል። መብራቱ ሲመለስ ማንንም አይጠይቅም። ስለዚህ መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ ማብሪያውን ማጥፋት ነው፤ ማጽዳቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሁለተኛው ግስጋሴ ነው። ቮላኖ የምንለው ከባዱ መንኮራኩር፣ የወፍጮው ድንጋይ፣ በመዶሻ የሚፈጨውም ወፍጮ ውስጡ ያሉት ብረቶች፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይዞራሉ። ድምፁ ቀነሰ ማለት ቆመ ማለት አይደለም። በዓይናችሁ ቆሞ እስክታዩት ድረስ ክዳን አትክፈቱ።

ሦስተኛው በናፍጣ ሞተር ውስጥ የታመቀ አየር ነው። ሞተሩ በግማሽ እምቅ ላይ ከቆመ፣ ቮላኖው ትንሽ ሲነካ ወደ ኋላ ሊመታ ይችላል። በማንቬላ ስታስነሡም እንዲሁ ነው። ማንቬላውን ስትጨብጡ አውራ ጣታችሁ ከሌሎቹ አራት ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን እንጂ ዙሮ አይቆልፍ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመልስ የቆለፈ አውራ ጣት ይሰበራል፤ ያልቆለፈ ግን ይለቃል።

አራተኛው ክብደት ነው። ድንጋዩ ሊወቀር ከፍ ሲደረግ በላዩ ያለው ክብደት ወደ ታች መመለስ ይፈልጋል። እናቶቻችን መጁን በእጃቸው አንሥተው ይወቅሩት ነበር፤ መጅ ቢወድቅ እግር ይመታል። የሞተር ወፍጮ ድንጋይ ቢወድቅ ግን እጅ ያደቅቃል። ስለዚህ በሰው ጉልበት ወይም በገመድ ብቻ ተይዞ በሥሩ እጅ አይገባም፤ ጠንካራ የእንጨት ግንዲላ ይደገፍበት።

አምስተኛው የታፈነ ውጥረት ነው። ቡና ወራት ሲደርስ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ መፈልፈያዎች ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። ከእሸቱ ጋር ጠጠር ወይም ጭራሮ ይገባና መኪናውን ያንቀዋል። ሞተሩ ቢጠፋም ቺንጊያው ተወጥሮ እንደቆየ ነው። ጠጠሩን በጣት ነቅላችሁ ስታወጡት የታፈነው ዙር በድንገት ይለቃል፤ ሩብ ዙር ብቻ ቢሆንም ለጣት ይበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ቺንጊያውን አላሉ፣ ከዚያም ጠጠሩን በእንጨት ወይም በሽቦ መንጠቆ እንጂ በጣት አታውጡ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ ጻፉት።

አንድ፦ ለሁሉም ተናገሩ። ለረዳቱ፣ ለመዛኙ፣ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ «ልንጠግን ነው፤ ይቆያል» በሉ። 

ሁለት፦ ሞተሩን አጥፉ። 

ሦስት፦ ኃይሉን ከምንጩ ቁረጡ። የኤሌክትሪክ ከሆነ ዋናውን ማብሪያ ዝቅ አድርጋችሁ ቫልቮላውን ንቀሉ፤ በነገራችን ላይ የትልልቅ ሞተሮች መስመር 380 ቮልት ስለሆነ የተላጠ ሽቦ ባለበት ባለሙያ ይጠራ። የናፍጣ ከሆነ ናፍጣውን ዝጉ፤ ማንቬላውንም ከቦታው አንሡ። 

አራት፦ ቆልፉና ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ማብሪያው ሳጥን ካለው በጓጉንቸር ቆልፉት። ጓጉንቸር ከሌለ ቫልቮላው ራሱ፣ ወይም ማንቬላው፣ ከሚጠግነው ሰው ዘንድ ይሁን። ሁለት ሰው የሚጠግን ከሆነ ሁለት ጓጉንቸር ይደረግ፤ አንዱ ጨርሶ ቢወጣ የሌላው ይቀራል። 

አምስት፦ ማስጠንቀቂያ አንጠልጥሉ። 

ስድስት፦ የተደበቀውን ኃይል አስወጡ፤ ቮላኖው ይቁም፣ ድንጋዩ ይደገፍ፣ ቺንጊያው ይላላ። 

ሰባት፦ ፈትኑ። እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት ማብሪያውን ሞክሩት፤ ካልተነሣ ጥሩ፤ መልሳችሁ ዝቅ አድርጉት። አሁን ሥራችሁን ጀምሩ።

ስትጨርሱም ችኮላ የለም። መፍቻውን፣ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን ቆጥራችሁ ሰብስቡ፤ በውስጥ የተረሳ መፍቻ ሞተሩ ሲነሣ እንደ ጥይት ይወረወራል። መከለያውን ቡሎንና ዳዶው ሳይጎድል መልሱ። «ነገ እመልሰዋለሁ» የተባለ መከለያ ብዙ ጊዜ ወፍጮ ቤት ጥግ ተደግፎ ዓመት ይሞላዋል። ሰው ሁሉ መራቁን አይታችሁ፣ ቁልፉን ከኪሱ የሚያወጣው የቆለፈው ሰው ራሱ ይሁን።

ይህ አሠራር የሀብታም አገር ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ በፋብሪካዎች ሁሉ ኃይልን ቆልፎና ምልክት አንጠልጥሎ መጠገን በደንብ የታዘዘው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። እነሱም የተማሩት እንደ አጎቴ ካሉ ሰዎች እጅ ነው። ለእኛ ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ጓጉንቸርና አንድ ካርቶን ብቻ ነው።

ስለ ቺንጊያ ለብቻው ልናገር፤ ብዙ ጣት የሚወስደው እሱ ነውና። ቺንጊያ በሚዞር ፑሌጅያ ላይ በጭራሽ አይገባም፤ «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚል ሰው ጣቱን ገና አልከፈለም። ትክክለኛው ዘዴ የሞተሩን ማሰሪያ ቡሎኖች አላልቶ ሞተሩን ወደ ወፍጮው ማስጠጋት፣ ቺንጊያውን ያለ ትግል ማጥለቅ፣ ከዚያም ሞተሩን መልሶ መወጠር ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን አደጋ አለ፤ አንዱ ቺንጊያውን ይዞ ሌላው ፑሌጅያውን በእጅ ሲያዞር የያዘው ሰው ጣት መሐል ይገባል። ስለዚህ ያዡና አዟሪው አንድ ሰው ይሁን። ሁለት ሰው ግድ ከሆነ የሚያዞረው «ላዙር ነው» ሳይል፣ ያዡም «አዙር» ሳይል ምንም አይንቀሳቀስ።

ስለ ልብስና ጌጥም አንድ ሁለት ቃል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ እጅጌ፣ የእጅ ሰዓት፣ አምባር፣ የእጅ ክር፣ ቀለበትም፣ ሁሉም ከመኪናው ጋር አይስማሙም። ሚስቱን የሚወድ ሰው ለሥራው ሰዓት ቀለበቱን አውልቆ ኪሱ ቢከት ፍቅሩ አይቀንስም። ጓንትን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጓንት ስለታም ቆርቆሮ ለመያዝ፣ ድንጋይ ለማንሣት፣ የጋለ ብረት ለመንካት ጥሩ ነው። በሚዞር ነገር አጠገብ ግን ጓንት ጠላት ነው፤ ባዶ ጣት ሊያመልጥ የሚችለውን ጓንቱ ተይዞ እጁን ጎትቶ ያስገባዋል። ጨርቅም እንዲሁ ነው። በሚዞር ዘንግ ላይ ጨርቅ ይዞ ዘይት መጥረግ እጅን በገመድ ከሞተር ጋር ማሰር ማለት ነው። ግራሶና ዘይት የሚሰጠው መኪናው ቆሞ ነው። ዱቄትና ገለባ የሚጠረገውም ቆሞ፣ በብሩሽ ነው።

የእጅ መሣሪያም ሰው ይጎዳል። ለዳዶው የማይመጥን ሰፊ መፍቻ ያመልጥና ጉልጥምትን ከብረት ያጋጫል። መፍቻን ወደ ራስ መሳብ ይሻላል፤ መግፋት ግድ ከሆነ መዳፍን ዘርግቶ እንጂ ጨብጦ አይደለም። ትንሽ ዕቃ በመዳፍ ይዞ በካቻቢቴ መፍታት መዳፍን ይወጋል፤ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይያዝ። ድንጋይ መውቀሪያው መሮ አናቱ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ከተዘረዘረ ስባሪው ስለሚፈናጠር በሞረድ ይስተካከል።

አሁን ደግሞ ወረፋ የያዛችሁ እናቶችና እህቶች፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ወፍጮ ሲቆም የምትናገሩት ቃል የአንድን ሰው እጅ ሊያድን ወይም ሊያስቆርጥ ይችላል። «ምነው ዘገያችሁ?» ከማለት «የሚጠግነው ወጥቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆችን ወደ ሞተሩ ክፍል አታስጠጉ። የወፍጮና የመፈልፈያ ባለቤቶችም፣ ገንዘብ ቆመ ብላችሁ ጠጋኙን አታጣድፉ። አሥር ደቂቃ የቆመ ወፍጮ ነገ ይፈጫል፤ የተቆረጠ ጣት ግን አይበቅልም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አደጋ ቢደርስስ? መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ። እጁ ተይዞ ከሆነ በጉልበት አትጎትቱት፤ ቺንጊያውን አላልታችሁ ወይም ቆርጣችሁ በቀስታ አላቅቁት። ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ደህና አድርጋችሁ ተጫኑት፤ እጁንም ከልቡ ከፍ አድርጉት። ቀለበት ካለ ሳያብጥ ይውለቅ። በእኛ አገር ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ የተለመደ ነው። ቡና አገራችን ነው፤ እንወደዋለን፤ ነገር ግን ቦታው ጀበና ውስጥ እንጂ ቁስል ውስጥ አይደለም። ቡና፣ አመድ፣ ናፍጣ፣ ጋዝ፣ ዱቄት ቁስልን ያቆሽሻል፤ ለሐኪሙም ሥራ ያበዛበታል። የተቆረጠ ጣት ካለ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ፣ ከረጢቱን በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አድርጋችሁ ከሰውየው ጋር ውሰዱ። ጣቱ ራሱ ግን በረዶውን ወይም ውኃውን አይንካ። ሐኪሙ ሊቀጥለው መቻሉን ወይም አለመቻሉን የሚወስነው እሱ ነው። ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ወይም ቦንጋ ወዳለው ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል በቶሎ ይድረስ። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ በዝገትና በአፈር ባደፈ ቁስል ስለሚገባ የመከላከያውን መርፌ ነገር ሐኪሙን ጠይቁ።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት የሚጠብቅ እርምጃ እንዲወስድ፣ ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አደጋ ሲደርስም መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። ሠራተኛው ደግሞ መከለያ እንዳያነሣ፣ የተሰጠውን መሣሪያ በትክክል እንዲጠቀም፣ ጉድለት ሲያይም እንዲያሳውቅ ግዴታ አለበት። በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ የሕክምናው ወጪ ሊሸፈንለት ይገባል። ከሥራ ሲውልም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ክፍያ ያገኛል። አጎቴ ይህን አያውቅም ነበር። የሚያነብለትም አላገኘም። መብት ተጽፎ ቢቀመጥ እንኳ የሚያነበው ከሌለ እንደ ተዘጋ ሣጥን ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ የፊደል አስተማሪ ምን አገባው?

አደጋው በደረሰበት ክረምት እኔ ገና ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ለዕረፍት ተመልሼ ነበር። አንድ ማለዳ አጎቴ እጁ እንደተጠቀለለ ያን ልጅ እየመራ ወደ ቤታችን መጣ። ልጁ ቀና ብሎ አያይም። እናቴ ፊቷ ጠቆረ። አጎቴ ግን ተቀመጠና «ይህን ልጅ ክረምቱን ፊደል አስቆጥረው» አለኝ። እኔ ዝም አልኩ። «ምን ትቆጣዋለህ?» አለኝ ቀጥሎ፣ «እኔ የጻፍኩት ለሚያነብ ሰው ነው። ለእሱ ካርቶኑ ባዶ ነበር። ቁልፉንም እኪሴ አልከተትኩም።»

ልጁ ሀሁ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ጠየቀኝ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ምን እንደነበረ እንዳሳየው ፈለገ። ጻፍኩለት። ፊደሎቹን በጣቱ አንድ በአንድ እየነካ፣ እስኪመሽ ድረስ ደጋገማቸው። ያን ክረምት ያስተማርኩት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እስካሁን ካስተማርኳቸው ሁሉ ግን ትምህርት ለምን እንደሚሰጥ ያሳየኝ እሱ ነው።

ታላላቆቻችሁ የሚያስታውሱት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ የከፋና የሞቻ ቋንቋ አንዱ ነበር። ያኔ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል። እንግዲህ ማስጠንቀቂያችሁን በአማርኛም በካፊኖኖም ጻፉት። ማንበብ ላልቻለም ቀይ እጅ ሣሉበት። ሥዕሉም፣ ጽሑፉም፣ ጓጉንቸሩም አብረው ይሁኑ፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይይዛልና። ጥፋቱ የማን ነው ብለን ነበር። የአንድ ሰው አይደለም፤ ያልተሟላው አሠራር ነው። አሠራርን ማሟላት ደግሞ በእጃችን ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ የዛሬው የቤት ሥራ እንዲህ ነው። አንድ ካርቶን ወስዳችሁ፣ ከሩቅ እንዲነበብ በትልልቅ ፊደል እነዚህን ቃላት ጻፉ፤ እኔ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ አ-ታ-ብ-ሩ፤ ሰ-ው እ-የ-ሠ-ራ ነ-ው። በሥሩ የሚጠግነው ሰው ስሙን ይጻፍ። ካርቶኑን ቀበሌያችሁ ላለው ወፍጮ ቤት ወይም መፈልፈያ አበርክቱ፤ ሳትሰጡ በፊት ግን እዚያ ለሚሠሩት ሁሉ አንብቡላቸው፤ እነሱም ደግመው ያንብቡላችሁ።

ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ራሱ ወፍጮ ያስፈጫል። ባለፈው ስጠይቀው ቺንጊያ ሊለውጥ ሲዘጋጅ አገኘሁት። ካርቶኑ ተንጠልጥሏል። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝና መልሶ ከተተው።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።